ፍቅፋቂው ይሰብሰብ፤ ብናኙ ይታሰር

ሥራ ክቡር መሆኑን ከአስተማሪዎቻችን ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ዛሬ ላነሣው ያሰብኩት ስለ ሥራ ክብር ሳይሆን ሥራው ትቶልን ስለሚሄደው ጥራጊ ነው። ስለ ጥራጊ ደግሞ ምን ይጻፋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምነዋለሁ።

አባቴ እንጨት ሠራተኛ ናቸው። በግቢያችን ውስጥ፥ ከማድ ቤቱ ጋራ በአንድ ግድግዳ በተያያዘች ክፍል፥ በኤሌክትሪክ የሚዞር የእንጨት ቶርኖ አላቸው። የበርጩማ እግር፥ የአልጋ እግር፥ አንዳንድ ጊዜም ሙቀጫ ይሠሩበታል። የምጽፍበትን ደብተርና የለበስኩትን የደንብ ልብስ የገዛው ይኸው ቶርኖ ስለ ሆነ፥ ስለ እርሱ ክፉ ለመናገር አፌን አልከፍትም። ክርክሬ ከቶርኖው ጋራ ሳይሆን ከብናኙ ጋራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። ዝናቡ ስለ በረታ አባቴ በሩን ዘግተው ይሠሩ ነበር። ከቀትር በኋላ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል፥ በቆርቆሮው ሽንቁር የገባችው ጨረር ከጣራ እስከ መሬት እንደ ነጭ በትር ተገትራ ታየች። ቶርኖው ከቆመ ቈይቷል፤ በጨረሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ግን ገና ይዋኝ ነበር። ትንሿ እኅቴ በሩ ሥር ተቀምጣ የፍቅፋቂውን ጥቅልል እንደ ቀለበት በጣቷ ታጠልቅ ነበር። በዚያ ሰሞን ታስል ነበር። ሳሉ ከብርድ ይሁን ከብናኝ፥ ሐኪም ስላልሆንኩ ልፈርድ አልችልም። ነገር ግን በዐይኔ ያየሁትን አይቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከቶርኖ የሚወጣው ጥራጊ ሁለት ዐይነት ነው። እኛ ግን ሁለቱንም ሰጋቱራ ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን፤ ስሕተታችንም የሚጀምረው ከዚህ ነው። አንደኛው ፍቅፋቂ ነው። የተሳለ መሮ እንጨቱን ሲልጠው እየተጠቀለለ ይወረወራል። ዐይን ሊመታ ይችላል፤ ነገር ግን ከባድ ስለ ሆነ ወዲያው ይወድቃል። ሁለተኛው ብናኝ ነው። ይህ ይልቁንም የሚበዛው በሚዞረው እንጨት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ሲያዝ ነው። ከሁሉ የደቀቀው ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያነሰ ስለ ሆነ፥ በአየር ላይ ለብዙ ሰዓት ይንሳፈፋል፤ ከትንፋሽ ጋራም እስከ ሳንባ ጥልቅ ይደርሳል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም የምትባል በወንበር ሥራ የታወቀች ከተማ አለች። በቀድሞው ዘመን በዙሪያዋ ባለው ጫካ ባለሙያዎች የወንበሩን እግር በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ያበጁ ነበር። ኋላ ሥራው ፋብሪካ ገብቶ መኪናው በዛ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት በዚያ አካባቢ ያሉ ሐኪሞች፥ በሌላ ሰው ላይ እጅግ በጥቂቱ የሚገኝ የአፍንጫ ነቀርሳ በቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ በዝቶ አገኙ፤ በ1968ም ጥናታቸው ታተመ። ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መጽሐፍ የእንጨት ብናኝ በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ገለጸ። አስምንም እንደሚቀሰቅስ የታወቀ ነው።

እርግጥ ነው፥ እነዚያ የታመሙት ለብዙ ዓመት በፋብሪካ የሠሩ ናቸው፤ የእኛ ግቢ ደግሞ ፋብሪካ አይደለም። ይሁን እንጂ የፋብሪካ ሠራተኛ ማታ ብናኙን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቶርኖው በቤቱ ያለ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? ከብናኙ ጋራ ይበላል፥ ከብናኙ ጋራ ያድራል።

አሳቤን ለአባቴ በነገርኳቸው ጊዜ፥ «እኔ በዚህ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ምን ሆንኩ?» አሉኝ። አባትን መከራከር ነውር መስሎኝ ጥቂት ዝም ካልኩ በኋላ፥ «እርስዎ ሥራውን መርጠውታል፤ እርሷ ግን አልመረጠችም» ብዬ ወደ እኅቴ አመለከትኩ። አልተቈጡኝም። «ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አንብቤ የደረስኩበትን ነገርኳቸው፤ ለአንባቢዎችም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

መጀመሪያ መሮው ዘወትር ይሳል። የተሳለ መሮ እንጨቱን አለስልሶ ስለሚተወው ለብርጭቆ ወረቀት የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፤ ብናኙም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከዚያ በቶርኖው ጀርባና ጎን ወፍራም ሸራ ከጣራው ይሰቀል። ፍቅፋቂው ሸራውን መትቶ ከሥሩ ይከመራል። ነገር ግን ሸራው ከሚዞረው እንጨት ይራቅ፤ ተይዞ ሊጠመጠም ይችላልና። ስለዚሁ ምክንያት ነጠላ ለብሶ ወይም አፍንጫን በተንጠለጠለ ጨርቅ ሸፍኖ መሥራት አይገባም። ጨርቁ የደቀቀውን ብናኝ አያስቀርም፤ አደጋ ግን ይጨምራል።

ብዙ ሰዎች ሸራ ከሰቀሉ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አልስማማም። ሸራ ፍቅፋቂን ያቆማል እንጂ ብናኝን አያቆምም፤ እንዲያውም ሠራተኛውን ከብናኙ ጋራ አብሮ ይዘጋዋል። ብናኝ የሚያዘው በመምጠጫ ነው፤ እርሱም በጣም ከቀረበ ብቻ ነው። የመምጠጫው አፍ የራሱን ስፋት ያህል እንኳ ቢርቅ፥ የሚስበው አየር ፍጥነት ወደ ዐሥረኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። ማጣሪያውም ሰፊ ቀዳዳ ያለው ከሆነ፥ ዱቄትን በእህል ወንፊት እንደ መንፋት ነው፤ ደቃቁ ተመልሶ ወደ ክፍሉ ይወጣል።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል» የሚሉ ይኖራሉ። መምጠጫው ውድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መሮ ለመሳል፥ በደረቅ ወራት የብርጭቆ ወረቀቱን ሥራ ደጅ አውጥቶ ለመሥራት፥ ከመጥረግ በፊትም ውሃ ረጭቶ ብናኙን ለማብረድ ስንት ብር ያስፈልጋል? እናቶቻችን የአፈር ወለል ሲጠርጉ ውሃ የሚረጩት በከንቱ ነውን?

ደግሞም የሰበሰበ ይጠቀማል። ፍቅፋቂው በጆንያ ከተሰበሰበ ለእናቴ ምድጃ ይሆናል፤ ለዶሮዎቻችንም ይነጠፋል። ደቃቁ ብናኝ ግን በአየር ላይ ተበትኖ እሳት ካገኘው በአንድ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ከግድግዳችን ማዶ ማድ ቤት እንዳለ አትርሱ።

እንግዲህ በእኛ ቤት ሸራው ተሰቅሏል፤ ጆንያውም ቆሟል። መምጠጫ አልተገዛም። አባቴ የብርጭቆ ወረቀት ሲይዙ የአቧራ መከላከያ ጭምብል ያደርጋሉ፤ ደንበኛ ሲያጣድፋቸው ግን አሁንም ይረሱታል፤ እኔም አሁንም አስታውሳቸዋለሁ። እኅቴ ከቶርኖው በር ርቃ እንድትጫወት ተደርጓል።

በግቢያችሁ ቶርኖ ያላችሁ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፥ ወላጆቻችን አቧራ ለብሰው ያሳደጉን እኛ ንጹሕ አየር እንድንተነፍስ ነው። ያነበብነውን ለእነርሱ ካላደረስንላቸው ትምህርታችን ለማን ነው? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ዛሬ ማታ ቶርኖው ከቆመ በኋላ ባትሪ አብርታችሁ በብርሃኑ ውስጥ የሚዋኘውን ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ ከአባቶቻችሁ ጋራ በአክብሮት ተነጋገሩ።