መግቢያ እንክፈል፣ ጎል ግን አይሸጥ

ጆተኒ የተጫወተ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቆያል። የባለሱቁ ልጅም መጣ የሊስትሮው፣ እጀታው ያው ነው፣ ኳሷም ያቺው ናት። ካቺሲም ሆነ አምቦ፣ ጊንጪም ሆነ ጉደር፣ «አስር ብር ልጨምርና ሁለት ለዜሮ እየመራሁ ልጀምር» የሚል ሰው ቢመጣ የሰፈር መሳቂያ ነው የሚሆነው።

ኢንተርኔት ላይ በሚጫወቱት ጌሞች ግን ይኸው መሳቂያ ነገር ሕጋዊ ንግድ ሆኗል። በነጻ የሚገባባቸው ጌሞች ይህን ቢያደርጉ «ታዲያ በምን ይኑሩ?» ሊባል ይችላል። እኔን የሚቆጨኝ ወርሃዊ ክፍያ እየተቀበሉ በላዩ ላይ ብልጫ የሚሸጡት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» እንውሰድ። ተጫዋቹ በወር 15 ዶላር ገደማ ይከፍላል። ሐሳቡ ከጆተኒው ብዙም አይርቅም፤ መግቢያው ለሁሉም አንድ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሰውን ከሰው የሚለየው ትዕግሥቱና ችሎታው ነው። በ2014 ግን ባለቤቱ ብሊዛርድ አንድን ገጸ ባሕርይ በአንዴ 90ኛ ደረጃ ላይ የሚያወጣ አገልግሎት በ60 ዶላር መሸጥ ጀመረ። በ2015 ደግሞ «ቶክን» መጣ። ባለገንዘቡ ቶክኑን በዶላር ይገዛል፣ ጌሙ ውስጥ በወርቅ ይሸጠዋል። በወርቅ የገዛው ደግሞ የአንድ ወር መጫወቻ ያገኛል።

ተከራካሪዎች አሉ። «ሥራ የሚውል ሰው ጊዜ የለውም፣ ያጣውን ጊዜ በገንዘቡ ቢተካ ማን ተጎዳ? ገንዘብ የሌለውም በቶክኑ ያለ ክፍያ ይጫወታል» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ የወር ክፍያውን ለመሸፈን ወርቅ ሲለቅም የሚያመሸው ልጅ እየተጫወተ ሳይሆን እየሠራ ነው። የለቀመው ወርቅ ተሰብስቦ ባለገንዘቡ ጋ ይገባል። ይህን አያቶቻችን በደንብ ያውቁታል፤ ጢሰኝነት ይባል ነበር።

ሁለተኛውና ዋናው፣ መንገዱን የሚሠራውም አቋራጩን የሚሸጠውም አንድ ድርጅት ነው። አቋራጭ የሚሸጥ ሰው መንገዱ ቢያጥር ይከስራል። ስለዚህ ጌሙ አሰልቺ ሲሆን «ይሄ ስህተት ነው ወይስ ገበያ?» ብሎ መጠየቅ የተጫዋቹ መብት ነው። በወር በወር ከፍሎ መሰልቸትን፣ እንደገና ከፍሎ ደግሞ ከመሰልቸት ማምለጥን የሚገዛ ደንበኛ ሌላ የትም አላየሁም።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ሻጩ ዋጋውን በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ለእኛ ልጆች እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ የማግኘቱን ጣጣ ተዉት። ኔትወርኩም አለ። የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። ወርሃዊ ክፍያ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ ቆጠራውን አያቆምም። የእኛ ልጅ ያለው ነገር ጊዜ ብቻ ነው፤ ደረጃ በ60 ዶላር ሲሸጥ የሚረክሰው ይኸው ያለው ነገር ነው።

«ምን ይደረግ፣ ኩባንያ ነው» የሚሉ አሉ። ኩባንያም ይሰማል። በኅዳር 2017 (እ.ኤ.አ.) «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» በይፋ ሊወጣ ሲል፣ ወርሃዊ ክፍያ ባይኖረውም ሰው 60 ዶላር ከፍሎ በገዛው ጌም ውስጥ ብልጫ እንደሚሸጥ ታወቀ። ተጫዋቾች በቁጣ ተነሡ። ባለቤቱ ኢኤ ጌሙ በወጣበት ዋዜማ ሽያጩን አቆመ፤ በ2018 ሲመልሰው የሚሸጠው ጌጥ ብቻ ሆነ። በዚያው ዓመት ቤልጂየም ውስጡ ያለው ሳይታወቅ የሚገዛውን የጌም ሣጥን ከቁማር ቆጠረችው።

የእኔ መስመር እዚህ ጋ ነው። ልብስና ቀለም ይሸጥ፤ ማልያ የገዛ ሰው ጎል አላገባም። ጉልበት፣ ደረጃና ፍጥነት ግን መግቢያ በተከፈለበት ሜዳ ላይ አይሸጥ። ይህን የምጽፈው ለብሊዛርድ ብቻ አይደለም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያን የአንድ ጣት ሥራ አድርጎታል፤ ወርሃዊ ክፍያ ያለው ጌም በብር ለመሥራት የሚያስቡ የአገራችን ወጣቶችም ይህ ፈተና ከፊታቸው አለ። ኮድ ከመጻፋቸው በፊት ጎራ ብለው ጆተኒ ቢጫወቱ ምክሬ ነው። ተሸናፊ ይክፈል፣ ግን መጀመሪያ በእኩል ይሸነፍ።