መርከቧ የት ደረሰች?

ይህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ወረቀት ነው፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ኪራይ ውል፣ አገር ቤት ስለ ቀረ የልደት ማስረጃ። ዛሬ ግን ስለ እንጨት ልናወራ ነው። ኦ ቪቭ በሚገኘው ቤቴ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ምግብ ከቀረበ ሦስት ወር አልፎታል። ጠረጴዛውን መርከብ ይዞታል፤ እኛ ምድጃው አጠገብ ቆመን እንበላለን።

የነገሩ መነሻ ዙሪክ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ስማቸው ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እሑድ እሑድ በስልክ እንጨዋወታለን። አንድ ቀን በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያገለገሉባትን መርከብ «ኢትዮጵያ»ን አንስተው፣ «አንድ ፎቶግራፍ ነበረኝ፤ እሱም ቤት ስቀይር ጠፋ» አሉኝ። እኔም ምላሴ ቀደመኝና፣ «በእንጨት ሠርቼ አመጣልዎታለሁ» አልኩ። የጋዜጠኛ አመል ነው፤ ርዕሱን መጀመሪያ መጻፍ፣ ዜናውን በኋላ መፈለግ።

መርከቧን የማያውቁ ወጣት አንባቢያን ይኖራሉና ጥቂት ልበል። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያሠሯት ናት። ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ ሥራዋም ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል። በ1944 ሥራ ጀመረች፣ በ1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች፣ በ1976 በሽያጭ የእኛ ሆነች። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ነበር። ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ትልቋ፣ የዕጩ መኮንኖችም መለማመጃ ነበረች። ምጽዋ በ1990 ከተያዘች በኋላ ወደ መነሻዋ ወደብ መመለሻ አልነበራትም። በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ ወደ የመን አመራች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አሁን ያለችው በየአልበሙና እንደ ጋሼ ባሉ ሰዎች ልብ ውስጥ ነው።

«ለመሆኑ መጋዝ ይዘህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ጀልባ ሥራ። እኛንስ በመቅዘፊያ ጀልባ አይደል እንዴ ያስጀመሩን? ማን መርከብ ላይ አወጣን!» ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ቶሎ በል አልልህም፤ ግን ዓይኔ አይጠብቅህም» አሉ። የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት።

ጀልባ ማለታቸው ትክክል ነበር። «ኢትዮጵያ» የብረት መርከብ ናት። በእንጨት ስትሠራ ስንጥቋ ሁሉ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተፍቆ፣ እንደገና ተፍቆ፣ ብረት እስኪመስል መለስለስ አለበት። በሁለት መቶኛ ብትቀነስ 47 ሳንቲ ሜትር ግድም ትሆናለች። በዚያ ልክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ መርከበኛ 8 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ለጀማሪ እጅ ይህ ቅጣት ነው።

ስለዚህ ክፍሎቿ በሣጥን ተዘጋጅተው የሚሸጡላት፣ ባለ አንድ ምሰሶ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ገዛሁ። ሣጥኑን ስከፍት ጀልባ የሚመስል ነገር የለም። ከኮምፔንሳቶ የተቆረጠ አንድ አከርካሪ፣ ሰባት የጎድን አጥንት፣ ጠርዙ እንደ ማስመሪያ የቀና አንድ እስር ቀጭን ጣውላ፣ ክር፣ ጨርቅና አንድ ትልቅ ንድፍ ብቻ። የጎድን አጥንቶቹ በአከርካሪው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ከዚያ ጣውላዎቹ አንድ በአንድ ለብ ባለ ውሃ ተነክረው፣ ቀስ ተብለው ጎብጠው፣ በነጭ ኮላ ይለጠፋሉ። ኮላው እስኪደርቅ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። የቤታችን የልብስ መቆንጠጫ በሙሉ ወደ መርከብ ግንባታ ተዛወረ፤ ባለቤቴ ካልሲ የምታሰጣው ወንበር ጀርባ ላይ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ ሌላ ጀማሪ ይማርበት። የግራው ጎን እጄ ላይ ደስ ስላለኝ በአንድ ቅዳሜ ስድስት ጣውላ ደረደርኩበት። ቀኙን «ነገ» አልኩት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ይጎትታል። በሌላው ጎን መልሶ የሚጎትት ስላልነበረ እሑድ ጠዋት አከርካሪው እንደ ሙዝ ጎብጦ አገኘሁት። ሕጉ ቀላል ነው፦ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ።

ሁለተኛው ጥፋት የባሰ ነበር። ጣውላዎቹን ከሣጥኑ እንደ ወጡ፣ ስፋታቸውን ሳልነካ ለጠፍኳቸው። መሐል ላይ ተስማሙ፤ አፍንጫዋ ዘንድ ሲደርሱ ግን አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። የጀልባ ሆድ ሰፊ ነው፣ አፍንጫዋ ጠባብ፤ የጣውላው ቁጥር ግን በሁለቱም ቦታ ያው ነው። ታቦት ሲወጣ የሚያዘውን ጃንጥላ አስቡት፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ከታች ሰፍቶ ከላይ ይጠባል። ጣውላውም ወደ ጫፉ እየጠበበ መሄድ አለበት፣ በሞረድና በሸካራ ወረቀት፣ እያንዳንዱ ለብቻው እየተለካ። ንድፉ ላይ ይህ በአንድ መስመር ተጽፎ ነበር። አላነበብኩትም። ሠላሳ ገጽ የመንግሥት መግለጫ ሳነብ የኖርኩ ሰው!

ተናድጄ ሐይቁ ዳር ወጣሁ። እዚያ «ኔፕቱን» አለች፤ ብዙዎቻችሁ አጠገቧ ሠርግ ፎቶ ተነሥታችኋል። በ1904 የተሠራች፣ ባለ ሁለት ምሰሶ፣ ሸራዋ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ዛሬ የጄኔቭ ካንቶን ንብረት የሆነች ጭነት አመላላሽ ናት። ጄኔቭ ከተሠራበት ድንጋይ ብዙው ከፈረንሳይ ዳርቻ፣ ከሜየሪ፣ በእንዲህ ዓይነቶቹ ጀልባዎች የመጣ ነው። ለዓመታት ሳልፍባት አይቻት አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል። በዚያን ቀን ግን አፍንጫዋ ፊት ቆሜ፣ ጣውላዎቿ መሐል ላይ ሰፍተው ወደ ፊት እንዴት እየጠበቡ አንድ ቦታ እንደሚገናኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ተመለከትኩ። አንድ ፖሊስ ሁለት ጊዜ አየኝ። ጥቁር ሰው ጀልባ ሲያጠና ሌላ ነገር ይመስላል መሰለኝ።

(ጀልባ የኛ ነገር አይደለም የሚል ወዳጅ አለኝ። ጣና ዳር ያለ ታንኳ ሠሪ ይስቅበታል። የጎድን አጥንትም ጣውላም ሳይፈልግ ደንገሉን አስሮ ብቻ ይንሳፈፋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ «ራ»ን ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር።)

የመጀመሪያዋን ጀልባ ማዳን አልተቻለም። ጣውላዋን ገፍፌ፣ አከርካሪውንም ለማቃናት ስሞክር ሰበርኩት። ሁለተኛ ሣጥን ገዛሁ። በዚህኛው አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ በምሽት ከአራት ጣውላ አላለፍኩም። አምስት ሳምንት ፈጀ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ከዙሪክ በባቡር መጡ። ጀልባዋን አንሥተው ወደ መስኮቱ አላዞሯትም፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑና በአውራ ጣታቸው ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ዳሰሷት። ቀኝ ጎኗ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«እዚህ ጋ ጉብታ አለ።»

«አላየሁትም፣ ጋሼ።»

«አይታይም። ሸካራ ወረቀት አምጣ።»

ሻይ እስኪፈላ ራሳቸው ፈገፈጉት። ከዚያ የ«ኢትዮጵያ»ን እህት መርከቦች ንድፍ ዘረጋሁላቸው። አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው፣ ፊታቸው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ አጎንብሰው ብዙ ፈለጉ። በመጨረሻም ኋለኛው መድረክ ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አደረጉ።

«እኔን እዚህ ታቆመኛለህ» አሉ።

«ስምንት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው የሚሆኑት።»

«ይበቃኛል። ቆቤን ብቻ እንዳትረሳ።»

የአከርካሪውን ኮምፔንሳቶ ማክሰኞ ቆረጥኩ።