ለአማፂ የተበረከተ ጨለማ

ቦኮ ሐራም የስልክ ማማ ያቃጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መስከረም በሰሜን ምሥራቅ ናይጄሪያ ማማዎቹን እያሰሰ ሲያጋይ ምክንያቱን አልደበቀም፤ ኩባንያዎቹ ለጸጥታ ኃይሎች ወሬ ያቀብሉብኛል ነው ያለው። ስምንት ወር ቆይቶ የጉድላክ ጆናታን መንግሥት በቦርኖ፣ በዮቤና በአዳማዋ የአስቸኳይ ጊዜ አወጀና ከእሳት የተረፉትን ማማዎች በትዕዛዝ ዘጋቸው። ወንበዴው ያልጨረሰውን መንግሥት ጨረሰለት። እ.ኤ.አ. በ2013 መስከረም፣ የቦርኖ ስልክ እንደተዘጋ ሳለ፣ የወታደር ልብስ የለበሱ ታጣቂዎች ቤኒሼክ ላይ መንገድ ዘግተው ከ140 በላይ ሰው ፈጁ። «ድረሱልን» ብሎ መደወል አልተቻለም። ስልኩን የዘጋው ሊደርስለት የሚገባው ጦር ነበራ!

ናይጄሪያውያንን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። እኛም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በወለጋ፣ በትግራይና በአማራ ክልል ያንኑ አድርገናል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ለደኅንነታችሁ ነው ሲባል ደሜ ፈልቷል።

ሽምቅ ተዋጊ ማታ የት እንዳደረ፣ ማን ስንቅ እንደሰጠው፣ ፈንጂውን የትኛው ድልድይ ሥር እንደቀበረ ከድሮን ይልቅ የመንደሩ ሰው ያውቃል። ያ ሰው ያወቀውን ተናግሮ በሕይወት መቆየት ይችላል ወይ? በእግሩ ወደ ጦር ካምፕ ከሄደ መንደሩ ሁሉ ያየዋል፤ በሳምንቱ ሬሳው ይገኛል። ጓዳው ገብቶ ከደወለ ግን ማን ያየዋል? ጄከብ ሻፒሮና ኒልስ ቫይድማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የኢራቅን ጦርነት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት፣ ከሳዳም መውደቅ በኋላ የሞባይል ኔትዎርክ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች የአማፂያኑ ጥቃት እንደቀነሰ ያሳያል። ታሊባን ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የአፍጋኒስታን የስልክ ኩባንያዎችን ማታ ማታ ማማችሁን አጥፉ ብሎ አስጠነቀቀ፤ ወዲያውም ማማዎችን ያጋይ ጀመር። ጨለማው ለማን እንደሚመች ከእሱ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? (ሥልጣን ከያዘ በኋላም በ2025 መስከረም መጨረሻ አገሩን በሙሉ ለሁለት ቀን ያህል ከኢንተርኔት ቆርጧል። አመል ነው፤ ቤተ መንግሥት ሲገባም አልለቀቀውም።)

«አፍሪካስ?» የሚለኝ አንባቢ ትክክል ነው። ያን ፒርስካላና ፍሎሪያን ሆለንባክ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጡት ጥናት አፍሪካ ውስጥ ሞባይል በደረሰበት ቦታ ግጭት የመነሣት ዕድሉ ከፍ እንደሚል ያመለክታል። ታጣቂም ይደውላል፣ ማን ይክዳል? ግን የሚደውል ታጣቂ የሚገኝ ታጣቂ ነው። የቼቼኑ መሪ ጆሃር ዱዳዬቭ እ.ኤ.አ. በ1996 በሳተላይት ስልክ እያወራ ሳለ ነው የሩሲያ ሚሳይል የወረደበት። ስልክ ጠለፋን እያወደስኩ አይደለም፤ በዚህ አገር የተጠለፈ ስልክ ስንቱን ማዕከላዊ አስገብቶ እንዳስገረፈ አልረሳሁም። ስልኩን ጠርቅሞ የዘጋ ጦር ግን ከጠላቱ በፊት የራሱን ጆሮ ነው የደፈነው።

በወለጋ በ2012 ዓ.ም. ስልኩም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፤ ሸኔን ለመደምሰስ። በመጋቢት የተከፈተው ሸኔ ስላለቀ አይደለም፤ ኮሮና አገር ገብቶ የመብት ተሟጋቾች «ሕዝቡ ስለ በሽታው እንኳ ይስማ» ብለው ሲጮኹ ነው። ጫካው ባዶ እንዳልሆነ በ2014 ሰኔ ቶሌ ላይ ሰዎች በመቶዎች ሲጨፈጨፉ አየን። ትግራይ ውስጥ መስመሩ ጥቅምት 2013 ተቆረጠ። ማን ቀድሞ ቆረጠው በሚለው መንግሥትና ሕወሓት ተካሰዋል፤ ይካሰሱ። ኢንተርኔቱ በጠፋ በስምንተኛው ወር፣ ሰኔ 21 ቀን፣ የትግራይ ኃይሎች መቀሌን መልሰው ያዙ። ኔትዎርክ ያጣ ኃይል መሸነፍ አልነበረበትም እንዴ? በአማራ ክልል ደግሞ በ2015 ሐምሌ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁና የዳታ መዘጋት አብረው መጡ። የፋኖ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ መውጣቱን አላቆመም። የቆመው የደብረ ማርቆስ ተማሪ ትምህርት፣ የደሴ ነጋዴ ቴሌብር፣ ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ ከእናቱ ጋር በዋትስአፕ የሚያወራት ወሬ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው፤ ዳውላው ግን ሰው ነበር።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መርዶው ነው። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ እንዲኖር ነው ይህ ሁሉ። በ2015 ታኅሣሥ የመቀሌ ስልክ ሲከፈት አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ጅዳም ያለ ሰው የእናቱን ቁጥር መታ። ጎረቤት አነሣው። አባትህ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው፤ ታናሽህም የለም፤ አክስትህም። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ አልፎ ሦስት ሞት በአንድ ጥሪ! አንዳንዱ ይህን የሰማው ሥራ ላይ ሆኖ፣ አንዳንዱ መኪና እየነዳ ነው። ስልክ ተከፈተ ሲባል ለቀናት መደወል የፈሩ ሰዎች አውቃለሁ። ቁጥሩን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ካልደወሉ ሁሉም በሕይወት አለ። የትኛው ተዋጊ ነው በዚህ የተዳከመ? የትኛው ምሽግ ተሰበረ? ያ ሰው እንደገና «መንግሥቴ» እንዲል የሚጠብቅ ጄኔራል ካለ የማንን ልብ ለመማረክ እንደሚዋጋ ይንገረኝ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ በ2011 ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። አዎ፣ አይደለም። ውኃውን የሚያመጣ ቦቴ፣ ምጥ የያዛትን ሴት የሚወስድ አምቡላንስ የሚጠራው ግን በምን ነው? «ፌስቡክ ላይ የሚረጨው ጥላቻስ?» ይላሉ። ይገድላል፤ ሰው ገድሏልም። ነገር ግን ወሬ የሚያብጠው ደውሎ የሚያጣራ ሲጠፋ ነው። በኅዳር 2013 አክሱም ላይ የተፈጸመውን ግድያ የቀረው አገር በቅጡ የሰማው በየካቲት ነው። በመካከል ባሉት ሦስት ወራት የካጅና የአጋናኝ ድምፅ ብቻ ነገሠ፤ ያየው ሰው ዝም ተሰኝቷላ።

ህንድም ቀላል ዘጊ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 ነሐሴ ካሽሚርን አጨለመች፤ ፈጣኑ የሞባይል ኢንተርኔት የተመለሰው በ2021 የካቲት ነው። እንዲያም ሆኖ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2020 ጥር ኢንተርኔትን ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት እንደማይፈቀድና የመዝጊያው ትዕዛዝ መታተም እንዳለበት ወስኗል። ዜጋው ወረቀቱን ይዞ ፍርድ ቤት እንዲሟገት ማለት ነው። ሙግቱ ካሽሚርን ቶሎ አልከፈተም፤ ግን የሚሟገቱበት ወረቀት ነበር። የእኛ የት አለ? የወለጋውን ማን ፈረመው? የባሕር ዳሩንስ? ወታደር ለተረከባት እያንዳንዷ ጥይት ይፈርማል፤ ሚሊዮኖችን ያደነቆረው ትዕዛዝ ግን የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ያልፋል። አውጡት። ቀኑን፣ ያዘዘውን ሰው ስም፣ መቼ እንዲያበቃ ታስቦ እንደነበር እንየው። ስልክ በመዘጋቱ የተማረከ ታጣቂ ወይም የተያዘ አንድ ክላሽ ካለም እሱን አያይዛችሁ አምጡ።