የቁስል ስቴፕልና ኤምአርአይ፦ ከብረቱ ይልቅ የሚያሰጋው መረጃ ማጣት ነው

በአሜሪካ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ በክር ሳይሆን በትንንሽ የብረት ስቴፕሎች ተገጥሞ ወደ ቤቱ መመለሱ የተለመደ ነው። በኮለምበስ፣ ኦሃዮ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ይህን በቅርብ ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ በታካሚነት፣ ሌሎቹ ደግሞ በአረጋውያን መንከባከቢያና በቤት ለቤት እንክብካቤ ሥራቸው። ሐኪም የኤምአርአይ ምርመራ ሲያዝ ግን ስጋት ይነሣል፦ ብረት ያለበት ሰውነት ወደ ማግኔት ይገባልን? መልሱ በአብዛኛው «አዎ፣ በቅድመ ሁኔታ» የሚል ነው። ይበልጥ የሚያሰጋው ብረቱ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለና መቼ መውጣት እንዳለበት ለታካሚው በሚረዳው ቋንቋ አለመነገሩ ነው።

ስቴፕል ለሕክምና አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ሁመር ሁልትል የተባለ የቡዳፔስት ሐኪም ሥራ ላይ ያዋለው የመጀመሪያው መሣሪያ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ራቪች አንድ የሶቪየት ስቴፕለር ይዞ ከተመለሰ በኋላ ዘዴው በአሜሪካ ተስፋፋ። የዛሬው የቆዳ ስቴፕለር በአንድ እጅ የሚያዝ ሲሆን ረጅም ቁስልን በደቂቃዎች ውስጥ ይገጥማል።

ፍጥነቱ ግን ለሁሉም ቁስል ይበጃል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 746 እናቶችን ያካተተ የአሜሪካ ጥናት፣ በቀዶ ሕክምና ከወለዱት መካከል ቁስላቸው በስቴፕል በተዘጋው ላይ 10.6 በመቶ፣ በክር በተሰፋው ላይ 4.9 በመቶ የቁስል ችግር መዝግቧል። ስለዚህ «ቁስሌ በምን ይዘጋል?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ሐኪምን መዳፈር ሳይሆን የታካሚ መብት ነው።

በቆዳ ላይ ያለው ስቴፕል እንደ ቁስሉ ቦታ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ይወጣል። አንጀትን ወይም ጨጓራን የሚገጥመው የውስጥ ስቴፕል ግን ብዙውን ጊዜ ከታይታኒየም ስለሚሠራ ዕድሜ ልክ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ የምርመራ ቅጽ «በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ብረት ሲባል ማረሻና ምጣድ የሚታያቸው እናት «የለም» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ኮለምበስ ስለ ማግኔት ጉልበት ለመናገር ከማንም ያላነሰ ታሪክ አላት። በሆስፒታሎች የተለመዱት የኤምአርአይ ማሽኖች 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጉልበት አላቸው፤ 3 ቴስላ ከመሬት መግነጢሳዊ ኃይል በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በፒየር-ማሪ ሮቢታይ መሪነት፣ በዘመኑ ለሰው ምርመራ ከተሠሩት ሁሉ ኃይለኛ የሆነውን 8 ቴስላ ማሽን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2000 በዚያ ማሽን የአንጎል ደም ሥር መቆንጠጫ ክሊፖች ሲፈተሹ፣ አንዳንዶቹ ለአደጋ በሚያሰጋ ደረጃ በማግኔቱ ተስበዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ «ብረቱ ደህና ነው» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም፤ የብረቱ ዓይነትና የማሽኑ ጉልበት አብረው መታወቅ አለባቸው።

የታይታኒየም ስቴፕል በማግኔት እምብዛም አይሳብም። የቆዳ ስቴፕል ግን እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ባለሙያው የምርቱን መግለጫ ማየት ይኖርበታል። ታካሚውም በምርመራው መካከል የማቃጠል ወይም የመሳብ ስሜት ከተሰማው የተሰጠውን የጥሪ ቁልፍ ወዲያው መጫን አለበት። ከስቴፕል የበለጠ የሚያሰጋው መግለጫ የሌለው ብረት ነው። በጦርነት ያለፈ ሰው በገላው የቀረ የጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ ካለው ሳይደብቅ ሊናገር ይገባል። የማተብ ክር በራሱ ችግር የለበትም፤ በላዩ ያለው የብረት መስቀል ግን ለባለሙያው መታየት አለበት። ራጅና ሲቲ ስካን በማግኔት ስለማይሠሩ ይህ ስጋት የለባቸውም።

ሌላው ጉድለት የእንክብካቤ ሥልጠና ነው። በኦሃዮ የነርስ ረዳት ለመሆን የሚጠየቀው ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ስቴፕል ማውጣት የነርስ ወይም የሐኪም ሥራ ቢሆንም፣ ቁስሉን በየቀኑ የሚያየው ረዳቱ ወይም ቤተሰቡ ነው። እነርሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ከቀላ ንገሩን» ተብለው ይሸኛሉ። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላት በግልጽ ላይታይ ይችላል፤ የቁስሉ ዙሪያ ይበልጥ መጥቆር፣ መሞቅ፣ መጠንከርና ማበጥ፣ መግል መያዝ፣ የጠርዙ መከፈትና ትኩሳት የበለጠ ይናገራሉ። ይህን የማያስተምር ሥልጠና ለሐበሻ ታካሚ ግማሽ ሥልጠና ነው።

ሆስፒታሎች «ጊዜ የለም፣ ወጪም አለው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ የጤና ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ የፌዴራል ሕግ ያዛቸዋል። ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በአስተርጓሚነት መጠቀምንም ይከለክላል። ስለዚህ የሚጠየቀው አዲስ ሕግ ሳይሆን ያለው እንዲፈጸም ነው።

መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የስቴፕሉን ዓይነት፣ ቦታና ብዛት፣ የሚወጣበትን ቀን፣ የአምራቹን ስምና ስለ ኤምአርአይ የሰጠውን መግለጫ የያዘ ይሁን። ስቴፕሉ ሳይወጣ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ታካሚ ደግሞ ማውጫው ትንሽ መቆንጠጫ አብሮ ቢሰጠው፣ በሚሄድበት ጤና ጣቢያ መሣሪያው ባይኖር እንኳ አይቸገርም። የኮለምበስ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ በየሆስፒታሉ የሚሠሩ የሐበሻ ነርሶችም ይህ ወረቀት እንዲዘጋጅ በጋራ ቢጠይቁ የሚሰማቸው አያጡም። እስከዚያው እያንዳንዱ ታካሚ ከሆስፒታል ሳይወጣ «በሰውነቴ የቀረው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም አጽፎ ያስቀምጥ።