ምርቃና አያስጠናም

የፈተና ሰሞን ሲደርስ ከታላላቆቹ ወደ አዲስ ገቢው ተማሪ የሚወርድ ምክር አለ፤ «ጫት ያስጠናል» የሚል። ብዙ ጎበዝ ልጆች በዚህ ምክር ሲበላሹ አይቻለሁና ዝም ማለት አልችልም።

ምክሩ የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ጫት እንቅልፍ ያባርራል፤ ድካምና ረሃብም ያስረሳል። ይህን የሚሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከቅጠሉ ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን የተባለ ኬሚካል ነው፤ በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫቱ በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ገበያ የሚደርሰው፣ ቃሚውም የቆየውን የሚንቀው ለዚህ ነው። «ቅጠል እኮ ነው» የሚል ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚያ ኬሚካል ነው። ከአወዳይ የጫት ገበሬና ነጋዴ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከምክሩ ጋር ነው።

ካቲኖን የአንጎል ሴሎች ያከማቹትን ዶፓሚን እንዲለቁ ያደርጋል። በደህናው ጊዜ ዶፓሚን የለፋንበት ነገር ሲሳካ ይለቀቃል፤ ያን ነገር እንድንደግመው ይገፋናል። ጫቱ ሠርቶበት የመረቀነ ተማሪ ግን ምንም ሳይሳካለት ያንኑ ደስታ ያገኛል። ያነበበው ሁሉ የገባው፣ ያቀደው ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል። እኔም ቅሜ አጥንቻለሁ። መጽሐፉን ጨረስኩት ብዬ ያደርኩበትን ማስታወሻ ጠዋት ስገልጠው፣ አንዱን አንቀጽ ሦስት ቦታ ጽፌው አገኘሁ። የገባኝ የመሰለኝ ስሜት የጫቱ ነበር፤ ትምህርቱ አልገባኝም ነበር።

ያነበብነው የሚረጋው ደግሞ በእንቅልፍ ነው። አንጎል የቀኑን ትምህርት የሚያደላድለው ስንተኛ ነውና፣ እንቅልፉን ለጥናት የሰጠ ተማሪ ጥናቱንም ያጣል። በዚያ ላይ ከምርቃናው የተነሣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ ዓይኑ አልከደን ይላል። ያኔ ጨብሲ ይመጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ። ጫት ለፈተና ብሎ የጀመረ ልጅ በሴሚስተሩ ማብቂያ ሁለት ሱስ ይዞ ይወጣል። በቃመ ማግስት ደግሞ ጭፍግግ ይላል፤ መጽሐፍ ለመክፈት እንኳ መቃም ያስፈልገዋል። ሀራራ የምንለው ይህን ነው። ላቁም ሲል በሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት ያስጨንቀዋል፤ እንደገና ይቅማል።

ታላላቅ ተማሪዎች ሆይ፣ አዲስ ገቢው የሚያምነው እናንተን ነው። ፈተና ሲያስጨንቀው ደብተራችሁን አውሱት፣ ያልገባውን አስረዱት፣ በጊዜ ተኛ በሉት። ጫት ቤቱን አታሳዩት።