ሸምግሎ የታመመን ውሻ ስለ ማስጠጋት

በዚህ ወር ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ ወይም ውኃን አፍልቶ ስለ መጠጣት እንድንጽፍ ትጠብቁ ይሆናል። እኛ ግን ስለ አንድ ውሻ ልንናገር ነው፤ ነገሩም ከንጽሕና ጕዳይ የራቀ አለመሆኑ ወደ ፊት ይታያል።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አዛውንት ወይዘሮ ግቢያቸውን ለቀው ወደ ኮንዶሚንየም አራተኛ ፎቅ ሲዛወሩ፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በራቸውን የጠበቀውን መቻል የተባለውን ውሻ ይዘው ለመሄድ አልቻሉም። ዕቃ ከሚጭኑት ሰዎች አንዱ «ከከተማ ውጭ ወስደን እንልቀቀው» ሲል መከራቸው። እርሳቸው ግን እኛ ዘንድ መጥተው «ልጄ፥ አንተ የጤና ሰው ነህ፤ የሚወስደው እስካገኝ ድረስ ሁለት ሳምንት ብቻ አቆይልኝ» አሉን። መቻል ያን ጊዜ አንድ ዐይኑ በሞራ ተጋርዶ፥ ጥርሱ ተበላሽቶ፥ ሌሊት ሌሊት ይስል ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ ልቡ መድከሙንና ሳንባው ውኃ መቋጠር መጀመሩን ነገረን። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ወር ሆነ።

በሥራ ባልደረቦቻችን ዘንድ ነገሩ ሲሰማ፥ አንዱ «ለሰው መድኃኒት በሚቸግርበት አገር ለውሻ ክኒን ትገዛላችሁን?» ሲል ጠየቀን። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ እኛም በውጭ አገር ስንማር ይህንኑ እንል ነበር። በሎንዶን ሜሪ ቲልቢ የተባሉ እመቤት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ያቋቋሙት መጠለያ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማም በ2007 የተመሠረተው መትቪል የተባለው ድርጅት በተለይ ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ውሾች ይቀበላል። ከነዚህም ሕመማቸው የማይድነውን ፈቃደኛ የሆነ ቤተ ሰብ ወስዶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያኖራቸዋል። ይህን ስናይ የጥጋብ ሥራ መስሎን ፈገግ እንል ነበር። ዛሬ አንልም።

የሐሳባችን መለወጥ ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ፤ በሽታውም ወደ ሰው ከሚደርስበት ከመቶው 99ኙ በውሻ አማካይነት ነው። ውሾችን በመርዝ መግደል በሽታውን አላቆመም፤ የሚያቆመው ከውሾቹ ከመቶ 70 ያህሉን በየጊዜው መከተብ ነው። እንግዲህ ባለቤት ያለው፥ የተከተበና በግቢ የታሰበ ውሻ ለሰፈሩ እንደ አጥር ነው። ይህ ውሻ በሸመገለ ጊዜ ወደ መንገድ ከተጣለ ግን የክትባቱ ጊዜ ያልፍበታል፤ የሚበላውንም ከቆሻሻ ክምር ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚከፈለው የተነከሰ ልጅ ሕክምና ከክኒኑ ዋጋ ይበልጣል። ለባልደረባችን የሰጠነው መልስ ይህ ነበር፤ ያመነን ግን አይመስለንም።

አሁን ወደ አያያዙ እንለፍ። የልብ ድካም ያለበት ውሻ ውኃ የሚያሸና መድኃኒት ስለሚሰጠው አብዝቶ ይጠጣል፥ አብዝቶም ይሸናል። ግቢው እንዳይረጥብ ብሎ ውኃውን መከልከል ከባድ ስሕተት ነው፤ እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ ልናደርግ ቃጥቶን ነበር። ማታ ተኝቶ ሳለ ደረቱ ከፍና ዝቅ የሚለውን በሰዓት እየተመለከቱ መቍጠር ይገባል፤ በአንድ ደቂቃ ከ30 በላይ መተንፈስ ከጀመረ ሳይዘገዩ ለሐኪሙ ማስታወቅ ነው። ሰው የሚውጠውን የሕመም ማስታገሻ፥ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን፥ ከቶ አይስጡት፤ ለውሻ መርዝ ነው። የወጥ ትራፊም እንዲሁ ነው። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኵርት አይሠራም፤ ሽንኵርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል፥ ጨውም የደከመ ልብን ይጎዳል። ለመቻል ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝና ሥጋ እንሰጠው ነበር። የቤት ሠራተኛችን «ከእኛ ይልቅ ለእርሱ ይጠነቀቁለታል» እያለች ታጉረመርም ነበር፤ ፈጽማም አልተሳሳተችም።

በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ውኃ የቋጠረውን ሳንባና ጕበት ለውሻ መወርወር የቈየ ልማዳችን ነው። በዚያ እብጠት ውስጥ ያለው ዘር በውሻው አንጀት ትንሽ ትል ይሆናል፤ እንቍላሉም ከኵሱ ጋር ወጥቶ በልጆች እጅና በጓሮ ጎመን በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ በሰውም ጕበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ብልት መቅበር ወይም ማቃጠል፥ ለውሻው በሐኪም ትእዛዝ የትል መድኃኒት መስጠት፥ ኵሱን በየቀኑ አንሥቶ መቅበር፥ ከነኩትም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። መቻልን በረንዳ ላይ በምንጣፍ አስተኛነው እንጂ ሕፃናት ከሚተኙበት ክፍል አላስገባነውም።

ከየትም የመጣ፥ ክትባቱ ያልታወቀ ውሻ ከሆነ በሐኪም እስኪታይ ለብቻው ይቀመጥ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ለሐጩን የሚያዝረበርብና መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲያዩ «እርጅና ነው» ወይም «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብለው አፉን ለመክፈት አይሞክሩ። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቍስሉን ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ገንዘብም ጊዜም የሌለው ቤተ ሰብ፥ ይልቁንም ድክ ድክ የሚል ልጅ ያለው፥ እንዲህ ያለውን ውሻ ባይወስድ አንነቅፈውም።

በሰባተኛው ወር አንድ ሌሊት የመቻል ትንፋሽ 52 ደረሰ፤ ለመተኛትም አቅቶት ቆሞ አደረ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቢጨምርም አልተሻለውም። ወይዘሮዋን አስጠርተን ከተማከርን በኋላ ሥቃዩ በመርፌ እንዲያበቃ ተስማማን። እርሳቸው ራሱን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው እስከ መጨረሻው አልተነሡም። ከውኃ ጕድጓድ ርቀን በጥልቅ ቀበርነው፤ ሳሕኑንና በረንዳውን በበረኪና አጠብን። ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል። የሰፈሩ ዘበኛ እግሯ የተሰበረ አንዲት አሮጊት ውሻ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ እንደምትተኛ ነግሮናል፤ ቅዳሜ ሄደን እናያታለን።