የተዘለሉት ሰባት ወራት

ሰሞኑን ለማስተማር ልምምድ ከወጣነው ሠልጣኞች መካከል አንዱ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ያጋጠመውን ማታ በመኝታ ክፍላችን አጫወተን። «የካቲት 1966 አብዮት ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግ ሥልጣን ያዘ፤ ቀይ ሽብር ተከተለ» ብሎ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ደርድሮ እንደ ጨረሰ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ንጉሡ ይውረዱ ያለው ብዙ ሰው ነው ብለዋል። ታዲያ ደርግ ይግዛን ያለው ማን ነው?» ጓደኛችን «ሰዓት አልቋል፤ በሚቀጥለው እንመለስበታለን» ብሎ ወጣ። ሰዓቱ ግን አላለቀም ነበር።

ይህን ሲነግረን ሳቅን። ኋላ ግን መልሱን እርስ በርሳችን ብንጠያየቅ አሟልቶ የሚመልስ ከመካከላችን ጠፋ። ይህን ጽሑፍ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለማውጣት የተነሣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደ እኛ አስተያየት ችግሩ የአንድ ሠልጣኝ ስንፍና አይደለም። የታሪክ ትምህርታችን ከዘውድ ወደ ጠመንጃ በአንድ እርምጃ ይዘላል። በመካከል የነበሩት ሰባት ወራት እንደሌሉ ይቆጠራሉ። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ያለው ግን እዚያው ውስጥ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1948 ዓ.ም. ተሻሻለ። በተሻሻለው ሕግ መሠረት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መምረጥ ጀመረ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የተባለው ብሂል በወረቀት ላይ ሰፈረ ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ 1953 የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ እንኳ መሠረታዊው አሠራር አልተለወጠም። የወሎ ረሃብ ብዙ ሕዝብ ሲፈጅ አገሩ በወቅቱ አልሰማም። የሚናገር ጋዜጣ፣ የሚጠይቅ ምክር ቤት ስላልነበረ ነው።

ከዚያ የካቲት 1966 መጣ። እዚህ ላይ የእኛ ሙያ ሰዎች የነበራቸው ድርሻ ሊረሳ አይገባም። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ኑሯቸውን ይጎዳል፣ የድሃውን ልጅም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያርቀዋል የሚል ሥጋት ነበራቸው። በዚያው ዕለት የነዳጅ ዋጋ መናር ያስመረራቸው የታክሲ ነጂዎች አደሙ። ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ አጉረመረመ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ በምትኩ እንዳልካቸው መኰንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል አዘዙ፤ አንድ ጉባኤ ተሰይሞ ማርቀቅ ጀመረ። ረቂቁ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ተጠሪነቱ ለምክር ቤት የሚያደርግ ነበር።

እነዚያ ወራት እንዴት ያሉ ነበሩ! ሠራተኛው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊም ኢትዮጵያውያን የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው በአዲስ አበባ በብዛት ተሰለፉ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። የመንግሥት ጋዜጦች ሳይቀሩ ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነገር ይጽፉ ጀመር። ዲሞክራሲ ነበር ብለን አናጋንንም፤ ምርጫ አልተካሄደም፣ ፓርቲም አልተፈቀደም። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ነበር።

ታዲያ ማን ዘጋው? አንድ ሰው በአንድ ሌሊት አልዘጋውም። እንዳልካቸው «ፋታ» ቢጠይቁ ፋታ የሚሰጥ አልተገኘም፤ የትናንቱ ሥርዓት ሰው ናቸውና የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። ሰኔ 21 ቀን የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ደርግ የምንለው ይኸው ነው። ባለሥልጣናቱን አንድ በአንድ ሲያስር ብዙው ሰው «እሰይ!» አለ። የታሰሩት በሕግ እንዲጠየቁ መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ይዞ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን ያወረደው ዐዋጅ ግን ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ምክር ቤቱን በተነ፣ አድማንና ሰላማዊ ሰልፍን ከለከለ። አዲሱ ረቂቅ ተስተካክሎ ሥራ ላይ ይውላል የሚል ተስፋም ሰጠ። ተስፋው ተስፋ ሆኖ ቀረ። ኅዳር 14 ቀን ኮሚሽኑ ምርመራውን ሳይጨርስ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ያሉባቸው ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ።

ልብ እንበል፤ በመስከረሙ ዐዋጅ የተከለከለው ያው በየካቲት በሩን የከፈተው አድማ ነው!

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ ሰጠ። ሁለቱ ለአንድ ሕዝብ እንታገላለን እያሉ እርስ በርስ ተፈጃጁ። ሚያዝያ 1969 ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ሰበሩ። በዚያው ዓመት ክረምት መኢሶንም ራሱ ተሳዳጅ ሆነ። አገሪቱ ሕገ መንግሥት ያየችው ከ12 ዓመት በኋላ በ1979 ነው፤ እሱም የአንድ ፓርቲን መሪነት የሚደነግግ ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ዕዳ እንዳይመስለን ጀርመንን እንመልከት። በዚያ አገር ዘውዱ የወደቀው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው። በዓመቱ የቫይማር ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ሴቶች ሳይቀሩ መረጡ፣ ፓርቲዎች ተፎካከሩ። ነገር ግን አንቀጽ 48 ፕሬዚዳንቱ በአስቸኳይ ጊዜ በድንጋጌ እንዲገዛ ይፈቅድ ነበርና ከ1930 ጀምሮ አገሪቱ በድንጋጌ መተዳደርን ለመደች። የኢኮኖሚ ውድቀቱ ሥራ አጡን አበዛው። ሶሻል ዲሞክራቶችና ኮሚኒስቶች እርስ በርስ ሲናከሱ የሂትለር ፓርቲ አደገ። ያም ሆኖ በነጻ ምርጫ አብላጫ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም፤ በሐምሌ 1932 ያገኘው 37 በመቶ ገደማ ነው። በጃንዋሪ 1933 ሂትለርን መራሔ መንግሥት አድርገው የሾሙት ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ናቸው። በማርች ምክር ቤቱ ሥልጣኑን በ444 ድምፅ ለ94 አስረከበው። ኮሚኒስቶቹ ታስረው ወይም ተደብቀው ነበርና «አይሆንም» ያሉት ሶሻል ዲሞክራቶች ብቻ ናቸው። በኤፕሪል ደግሞ አይሁዳውያንና ተቃዋሚ የተባሉ ሰዎች ከመንግሥት ሥራ የሚባረሩበት ሕግ ወጣ፤ መምህራንም ከተባረሩት መካከል ነበሩ።

ልዩነቱን አንክድም። እነርሱ 14 ዓመት ሞክረዋል፤ እኛ 7 ወር እንኳ አልሞላንም። እዚያ ምክር ቤት በሩን በድምፅ ዘጋ፤ እዚህ በጠመንጃ ተዘጋ። በሁለቱም አገር ግን አንድ ነገር እናያለን፤ እያንዳንዱ ወገን የሌላው መብት ሲገፈፍ አጨበጨበ ወይም ዝም አለ። ተራው ሲደርስ የሚጮህለት አጣ።

«ለተራበ ሕዝብ ሕገ መንግሥት ምን ይፈይዳል?» የሚል ጓደኛ አለን፤ ቁም ነገር አለው፣ አንንቀውም። መልሳችን ግን ይህ ነው። የወሎን ረሃብ የሸሸገው የዘውዱ መንግሥት በረሃቡ ምክንያት ተወገዘ፤ ደርግም ንጉሡን ለማውረድ ያንኑ ረሃብ መሣሪያ አደረገው። በመስከረም 1977 ደግሞ ደርግ ራሱ 10ኛ ዓመቱን በድግስ ሲያከብር ሰሜኑ አገር ይራብ ነበር፤ ወሬውም ታፍኖ ነበር። ስለዚህ የመናገር ነጻነት የጠገበ ሰው ቅንጦት አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

እኛ ያለንበት ፀዳ ደግሞ ከጎንደር ብዙ የማይርቅ ቦታ ነው። ጎንደር በክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ በሻለቃ መላኩ ተፈራ ዘመን የልጆቿን ሬሳ የቆጠረች ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ለተገደለ ልጅ ማልቀስ እንኳ ወንጀል የሚሆንበት ጊዜ ነበር። ዛሬም ሽማግሌዎቻችን ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ «ተዉት ልጆቼ፣ ያለፈ ነገር ነው» ይላሉ። «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ አንፈርድባቸውም። መምህር ግን ዝም ካለ ይነቅዛል። ልጅቷ መልስ ካጣች፣ ደርግ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ እንጂ ሰዎች ደረጃ በደረጃ የፈቀዱት ነገር መሆኑን ሳታውቅ ታድጋለች። ከሰማይ የወረደን ነገር ደግሞ ማንም አይከላከለውም።

በመሆኑም የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ በልምምድ ትምህርታችን እነዚያ ሰባት ወራት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ተማሪው ቀን ከመሸምደዱ በፊት «እዚህ ላይ ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ የተከበሩ አሠልጣኞቻችን እኛ ራሳችን ስንጠይቅ በትዕግሥት ይስሙን፤ ያልተጠየቀ መምህር መጠየቅን አያስተምርምና። ሦስተኛው የራሳችን ጥፋት ነው። የክፍል አለቃ ስንመርጥ «በቃ እሱ ይሁን፣ እንገላገል» ብለን እጃችንን ማውጣት ልማዳችን ሆኗል። አንድ ተቃዋሚ ሲነሣም «ቁጭ በል!» ብለን እናስቀምጠዋለን። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገ ግን በየገጠሩ ትምህርት ቤት 50 እና 60 ልጅ ፊት የምንቆመው ይህንኑ ልማድ ይዘን ነው።

ጓደኛችን በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ክፍል ይመለሳል። ልጅቷም እዚያው ትኖራለች። መልሱን አብረነው እያዘጋጀን ነው፤ የሚያግዘን አሠልጣኝ ቢኖር ደስ ይለናል። ሳይቃጠል በቅጠል!